በሲሚንቶ የተደፈነው ማንጎ

ለማከብርዎትና ለምወድዎት ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ ተሻለዎት? ባለቤትዎና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ከሁሉም በላይ እናታችን እንዴት ናት፣ ጉልበቷስ ያራምዳታል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ እንዳልል፣ ማክሰኞ ማታ የላኩልኝን ፎቶ ካየሁ ወዲህ ደህና አይደለሁም። አንጀቴ አርሯል። በስልክ እንዳልነግርዎት ገና አፌን ስከፍት ያቋርጡኛል፤ ወረቀትን ግን ማቋረጥ አይቻልምና እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡኝ።

ከፎቶው ሥር «አየህ፣ አንተ ሳትመጣ ተገላገልን» ብለው ጽፈዋል። አየሁ ወንድም ጋሼ። በእናታችን መኝታ ክፍል ጣሪያ ላይ ያጋደለው የማንጎ ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር ከሚጋጠምበት ላይ ተሰንጥቋል። እርስዎ ደግሞ ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፍነው እንደ ሳሎን ግድግዳ አሳምረው ለስነውታል። ይህም አልበቃ ብሎ ቅርንጫፉ እንዳይወድቅ በወፍራም ሽቦ ከቤቱ የማዕዘን ምሰሶ ጋር አስረውታል። እንግዲህ ይህ ቅርንጫፍ የወደቀ ዕለት ብቻውን አይወድቅም፤ ቤቱንም አስከትሎ ነው የሚመጣው። ከዚያ ሥር የምትተኛው ደግሞ እናታችን ናት።

በግንበኝነት የሚደርስብዎ የለም። እርስዎ የሠሩትን አጥር ጎርፍ እንኳ አልነቀነቀውም። ዛፍ ግን ግድግዳ አይደለም፤ ነፋስ ሲመጣ ይወዛወዛል፣ ሲሚንቶው አይወዛወዝም። ዝናቡ በመካከላቸው ሰርጎ ይገባና መውጫ ያጣል፣ እንጨቱ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል፣ እኛም ከውጭ ልስኑን እያየን እንኩራራለን። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚባለውን ተረት ለታላቅ ወንድም መጻፍ ነውር ስለሆነ ትቼዋለሁ።

እርስዎን ብቻ አልወቅስም፤ እኔ እዚህም በዛፍ ቆረጣ ሥራዬ የምውለው ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ነው። ባለፈው አንድ የሱቆች ሕንፃ አስተዳዳሪ ማስታወቂያው ተሸፈነብኝ ብሎ የዛፎቹን አናት ቆርጣችሁ ጣሉልኝ አለን። አናቱ የተቆረጠ ዛፍ በየጎኑ ቀጫጭን፣ ለመገንጠል የቀረበ ቅርንጫፍ እንደሚያበቅል፣ ማስታወቂያውንም መልሶ እንደሚሸፍነው፣ ይልቅስ መሐል መሐሉን እናሳሳው ብለን ለመንነው። እሱ ግን የሚስቱ ወንድም የራሱን ዛፍ በመጥረቢያ እንደሚቆርጥና ምንም ሆኖ እንደማያውቅ ነገረን። በዚህ ሥራ ላይ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ሰው ሁሉ ዛፍ የሚያውቅ አንድ ዘመድ እንዳለው ነው። በማግስቱ ደግሞ አንዲት የቤት እመቤት እኛ ዛፍ ላይ ወጥተን ስንቆርጥ እታች ቆማ አላንቀሳቅስ አለችን። ከዛፉ ሥር ዞር በይ ብንላት ቤት ገብታ ጃንጥላ ይዛ ወጣች።

ይህን ሁሉ ስቄ አሳልፌው ነበር። ያስደነገጠኝ የማክሰኞው ነው። የአንድ ክሊኒክ ግቢ አጥር ላይ የበቀለውን ቁጥቋጦ ልንከረክም ሄደን ሳለ፣ ግቢው መሐል ያለ ትልቅ ዛፍ አንዱ ቅርንጫፉ እንደ እኛው ማንጎ ተሰንጥቆ አየነው። አለቃችን ከሥሩ ያለው አግዳሚ ወንበር ይነሳ አለ። ጥበቃው ግን ይህ ዛፍ ስንት ነፋስ የቻለ ነው ብሎ ሳቀብን። እኩለ ቀን ላይ፣ ቅጠል እንኳ በማይነቃነቅበት ሰዓት፣ ቅርንጫፉ እንደሚቀደድ ጨርቅ ተንጣጣና ወረደ። ወንበሩን ከመሬት ጋር አጣበቀው። እዚያው ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩትን ሕመምተኞች ነርሷ ጠርታቸው ገና መግባታቸው ነበር። ጥበቃው ሮጦ ወደ ግቢው የሚያወጣውን በር ቆለፈ። አለቃችን ከስንት አንዴ ነው የሚናገረው፣ ዝምታ ብለን ነው የምንጠራው፤ የዚያን ዕለት ግን ወደ እኔ ዞሮ «የተሰነጠቀ እንጨት ቀጠሮ አይሰጥም» አለኝ። ማታ ቤቴ ስገባ የእርስዎ ፎቶ ደረሰኝ።

ስደውልልዎ እናታችን ዛፉን ሌላ ሰው አታስነካም ስላሉኝ ለእሷው ደወልኩ። «የዛፍ ሰው ወልጄ የባዕድ መጥረቢያ ግቢዬ አይገባም። ስትመጣ ትቆርጠዋለህ» አለችኝ። እሺ፣ ቢያንስ አልጋሽን ወደ ማዶው ክፍል፣ ወደ እኔ ክፍል አዛውሪ አልኳት። እሱ ያንተ ነው፣ አንሶላው ተነጥፎ ይጠብቅሃል አለች። ስለ ቅርንጫፉ ስጮህባት እሷ ምሳ በልቼ እንደሆነ ትጠይቀኛለች። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ስነጫነጭ ቆየሁ።

በኋላ ግን ነገሩ ገባኝ። ጣሪያው ሲያፈስ መጥቼ አያለሁ ብዬ ነበር፤ እርስዎ ጠገኑት፣ እኔም ቀረሁ። አጥሩ ሲዘም እመጣለሁ አልኩ፤ እርስዎ መልሰው ገነቡት፣ እኔም ቀረሁ። ወንድም ጋሼ፣ ከቅን ልብዎ የተነሳ የምመጣበትን ምክንያት ሁሉ አንድ በአንድ ጠግነው ጨረሱት። ለእናታችን የቀራት ይህ ማንጎ ብቻ ነው። እሱም ከተቆረጠ ልጄን ምን ያመጣዋል ብላ ከሥሩ ተኝታ ትጠብቀዋለች። ይህን ሳስብም ንዴቴ አልበረደም፣ ግን ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ተቀመጥኩ።

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና እንዲህ ያድርጉልኝ። ከሁሉ በፊት ያ ክፍል ይለቀቅ። ሽቦውን እርስዎ እንዳይፈቱት፤ ገመድ ይዞ የሚወጣ ደህና ዛፍ ቆራጭ ያምጡና ቅርንጫፉን ከጫፉ ጀምሮ ቁራጭ በቁራጭ ያውርደው። ፍሬው ከብዶ ዝናብ ሳይጨመርበት ይሁን። ለእናታችን ደግሞ ዛፍ አንዴ ተከርክሞ እንደማያልቅ ይንገሯት። ትልቅ ቅርንጫፍ የተነሳለት ዛፍ ሚዛኑ ይዛባል፤ የቀረውን በየዓመቱ እየተመለሱ ጥቂት በጥቂት ማቅለል ያስፈልጋል። የሙያው ሕግ ነው እንጂ የእኔ ማባበያ አይደለም። የዘንድሮውን ሌላ ሰው ይቁረጠው፤ የቀረውን ግን ማንም እንዳይነካብኝ። ሥራው እንደቀዘቀዘ ወደ እናንተ ልመጣ ፈቃድ ጠይቄ፣ ዝምታ ራሱን ነቅንቆ እሺ ብሎኛል።

ለባለቤትዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፣ እርስዎን ከመሰላል ላይ በማውረድ እንዲረዱኝም አደራ ይበሉልኝ። ትልቋን ልጅዎን በትምህርቷ እንድትበረታ፣ ትንሹን ከዚያ ዛፍ ሥር ኳስ እንዳይጫወት ይንገሩልኝ። ጎረቤታችንን አናጢውን ሰላም ይበሉልኝ፤ ምሰሶውንም አይቶ ይፈትሽልን። ለእናታችን ግን ሰላምታ በወረቀት አልልክም። ዛሬውኑ አልጋዋን የእኔ ክፍል ውስጥ ያንጥፉላት፤ ስመጣ እኔ የት እንደምተኛ እሷ ትጨነቅበት።

ታናሽ ወንድምዎ

ከተከራየኋት ክፍል፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል