የድረስ ቆዳና የእምዬ ጨጓራ

ይድረስ ለእታለም ይመኙሻል፣ ካለሽበት ኩዌት። እንደምን አለሽልኝ? ሙቀቱ፣ ሥራው፣ የማዳምሽ ጠባይ እንዴት ይዞሻል? እንቅልፍሽስ? ጨጓራሽስ እንዴት ነው? ሁለቴ ጽፈሽልኝ ሁለቴም ያልመለስኩልሽ ጨክኜ አይደለም፤ ስልኩም መንገዱም ተዘግቶ ነው። እኛ በሕይወት አለን። ደህና ነን ማለት ዘንድሮ ይኸው ነው።

እምዬ ታማለች። ከመስቀል ጀምሮ የቀመሰችውን ሁሉ ስትመልሰው ሐኪሙ መሣሪያ በጉሮሮዋ አስገብቶ ከጨጓራዋ የስንዴ ፍሬ የምታክል ሥጋ ቆርጦ አወጣ። ናሙናዋ እኔው ወደምሠራበት ላብራቶሪ መጣች። እናታችንን በሰም ደፍኜ በምላጭ ከተፍኳት ብልሽ ታምኚኛለሽ? ሥራዬ ነው፤ ሥጋው በሰም ደርቆ እንደ ወረቀት ካልሳሳ በማይክሮስኮፕ አይታይም።

ካንሰር መሆኑ ታየ። ዓይነቱን ለመለየት ግን አንቲቦዲ የሚባል ፈሳሽ ያስፈልጋል። ሴልን ከሴል የሚያያይዝ ፕሮቲን አለ፤ ምርጊት ውስጥ እንዳለ ጭድ አድርገሽ አስቢው። አንቲቦዲው ያን ፕሮቲን ፈልጎ ይይዘውና በቀለም ቡናማ ሆኖ ይታየናል። ፕሮቲኑ ከጠፋ ሴሎቹ ይበታተናሉ። ሐኪሙ እንደነገረኝ ፕሮቲኑ የሚጠፋበት ዓይነት አንዳንዴ በዘር ይሄዳል።

የአንቲቦዲው ጠርሙስ ከአዲስ አበባ በክትባት ሳጥን፣ በበረዶ ታሽጋ፣ አብሮኝ በተማረው በሹፌሩ በድረስ አይሱዙ ተላከች። ከደጀን ወጥቶ ብዙም ሳይርቅ ተኩስ ከግራም ከቀኝም ወረደበት። ማን ተኮሰ ብለሽ አትጠይቂኝ፤ እኔም ጠይቄ ሰልችቶኛል። አጠገቡ የተቀመጠው መምህር ዓለምነው አንገቱን ተመትቶ ድረስ ጭን ላይ ሞተ። የድረስም ክንድ ተቦጭቆ አጥንቱ ታየ። ተኩሱ በላዩ እያፏጨ አምስት ሰዓት ሙሉ ቦይ ውስጥ ተጋድሞ ዋለ፤ ሳጥኑ መኪናው ውስጥ ፀሐይ ላይ ቀረ። ተኩሱ ሲበርድ ሬሳውን እንደያዘ በአንድ እጁ እየነዳ መጣ። ሳጥኑ በደም ተለውሷል። ዕቃሽን ተረከቢኝ አለኝ። ስከፍተው በረዶው ለብ ያለ ውሃ ሆኗል።

በዚያው የእምዬን ስላይድ፣ ሥጋዋ የተለጠፈበትን መስታወት፣ ቀባሁ። ቡናማ የሚባል የለም። ፕሮቲኑ ጠፍቶ ነው ወይስ አንቲቦዲው በሙቀት ሞቶ? ማነጻጸሪያ የሚሆን ጤነኛ ሥጋ አልነበረኝም፤ የእምዬ ናሙናም ዳር እስከ ዳር በሽታ ነው። ሰው የሞተበት ነገር መና ሊቀር ነው ብዬ በንዴት የስላይድ ሳጥኑን ከግድግዳ ጋር አላተምኩት። ስብርባሪውን ስለቅም ነው ትዝ ያለኝ፤ ያ ፕሮቲን በጤነኛ ቆዳ ሞልቷል።

የድረስን ቁስል ሲጠርጉ ከዳሩ ተቆርጦ የሚጣለውን ቆዳ እንዲሰጠኝ ለመንኩት። ግማሹን ጥይት ወስዶታል፣ ትርፉን አንቺ ውሰጂ ብሎ ሳቀ፤ ሲስቅ አመመው። የእሱንና የእምዬን ባንድ ቀን፣ ባንድ ጠርሙስ ቀባሁ። የድረስ ቆዳ ቡናማ ሆኖ ሴል ከሴል ተቆላልፎ ታየ። አንቲቦዲው አልሞተም ነበር። የእምዬ ግን ባዶ ነው፤ ፕሮቲኑ በእርግጥ ጠፍቷል። ማይክሮስኮፑ ላይ ግንባሬን ደፍቼ አለቀስኩ።

ለእምዬ ነገርኳት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ የመምህሩን የክርስትና ስም ነው፣ በጸሎት ላስበው ብላ። ሐሙስ እሷም ድረስም ለሕክምና በዚያው መንገድ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፤ ይህን ደብዳቤ በመቀነቷ ቋጥራ የምታሻግርልሽ እሷ ናት።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። የእምዬ እህት ዘሪቱ በሠላሳ ስድስት ዓመቷ ሆዷን ይዛ ስትሞት፣ ቡዳ በላት ተብሎ የጎረቤታችንን ቤት በድንጋይ እንደደበደብን ታስታውሻለሽ። አንቺም ወርውረሻል፣ እኔም ወርውሬያለሁ። የበላት የገዛ ዘራችን ሳይሆን አይቀርም። አንቺ ዘንድሮ ሠላሳ አምስት ሞላሽ፤ ጨጓራዬን አቃጠለኝ ካልሽም ስምንት ወር ሆነሽ። ክኒን መዋጡን ትተሽ በመሣሪያ ታዪ። ማዳምሽ አልለቅሽም ካለች ተጣዪ፣ ጩኺ፣ ሥራው ገደል ይግባ። እኔም ሰኞ እታያለሁ።

አባባ ሰላም ብለውሻል፤ ማሳው በተኩሱ ሳይታረስ ከርሟል። ታናሻችን አምሳሉ ሰላም ይልሻል፤ ትምህርት ቤቱ አሁንም ዝግ ነው። ድረስ በግራ እጁ ሰላም ብሎሻል። አብራሽ ለምትኖረው ለወለላ ሰላምታዬን አድርሺልኝና ይህን ደብዳቤ አስነብቢያት፤ አንቺ እምቢ ብትይ እሷ ጎትታ ትውሰድሽ።

ስትመልሺልኝ እንዴት ናችሁ እያልሽ ገጽ አትሙዪ። የጨጓራሽን ውጤት ብቻ ጻፊልኝ።

እህትሽ የኔአለም
ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.