በሆድሽ የጀመረው መርሳት

እማዬ፣ ነፍስሽ በሰላም ትረፍ። ከተለየሽን ሦስተኛው ክረምት እየወጣ ነው። የቢቸና ጭቃ ገና አልደረቀም፤ ሞጣ ግን ዝናቡ ቀደም ብሎ አባርቷል አሉኝ።

የሞጣው ቤትሽ ጣሪያ ታድሷል። ልጅሽ ይሁኔ የጓሮውን ባሕር ዛፍ ቆርጦ ሸጠው፤ ጌሾሽን ግን አልነካውም። ልጄ ማኅሌት አሥረኛ ክፍል ገብታለች፤ ስትናደድ አነጋገሯ ቁርጥ አንቺን ነው። እኔ ያው እዚሁ ቢቸና ጤና ጣቢያ ነርስነቴ ላይ ነኝ። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ይሁኔና ስለ ታናሽ እህትሽ ስለ አክስቴ የሻረግ ነው። ታርቀዋል። በሕይወት ሳለሽ መጣላታቸውን እንኳ አላወቅሽምና ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

በሰፈሩ ዘር ቆጣሪዋ አንቺ ነበርሽ። ልጁን ሊድር ያሰበ ሁሉ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ወደ አንቺ ይመጣል። አንቺም ጥጥሽን እየፈተልሽ የሁለቱን ወገን አያት ቅድመ አያት እያነሣሽ እስከ ሰባት ቤት ትቆጥሪያለሽ። ዝምድና ካገኘሽ እንዝርትሽን አቁመሽ፣ ይቅር፣ አይሆንም ትያለሽ። ቄሱም ቢሆኑ ከቃልሽ አይወጡም ነበር። አንድ ቀን ከጉንደ ወይን የመጡ ሰዎች ለልጃቸው ጠየቁሽ። አያትየው ላይ ስትደርሺ ቆምሽ። ደግመሽ ከልጁ ጀመርሽ፤ አሁንም እዚያው ላይ ቆምሽ። ሰዎቹ አቀረቀሩ። አንቺ ግን ሆድሽን ያዝ አድርገሽ፣ ዛሬስ ሆዴ አላስቆጥር አለኝ አልሻቸው።

እውነትም ሆድሽ ታማሚ ነበር። ከዚያ በፊት ለዓመታት በድርቀትና በመነፋት ተሠቃይተሻል። ጠዋት ጠዋት ተልባ በጥብጠሽ ትጠጫለሽ፤ ሲብስብሽ ሐኪም ቤት ሄደሽ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቶሽ ትመለሻለሽ። ይሁኔ ያን ጊዜ ሑመራ ሰሊጥ ላይ ስለነበረ ይህን አላየም። ተመልሶ ሲመጣ ያገኘሽ ከአክስቴ ከየሻረግ ልጅ ሰርግ ከቢቸና በተመለስሽ ሰሞን ነው። ሆድሽ ተነፍቷል፣ የእሱንም ስም ከአባታችን ስም ጋር ታምታቻለሽ። ሰርጉ ላይ ምን በላች ብሎ ጠየቀ። ጎረቤቶችም መልሱን ሰጡት፤ የሆነ ነገር አብልተዋት ነው አሉት። ከዚያ ወዲህ አክስቴን የሻረግን ደጅሽን እንዳትረግጥ ከለከላት። የሆዷ ሕመም የቆየ ነው ብዬ ብነግረው፣ አንቺ ነርስ ስለሆንሽ ሁሉም ነገር በሽታ ይመስልሻል አለኝ።

አንቺ ደግሞ እየረሳሽ በሄድሽ ቁጥር የምትጠሪው እሷን ነበር። የእኔ ስም ጠፋሽ፣ የይሁኔም ጠፋሽ፤ የሻረግ ብቻ ቀረች። ከወንዝ አልተመለሰችም ወይ እያልሽ በር በሩን ታያለሽ። አላስችል ቢለኝ በአንድ የገበያ ቀን ከቢቸና ይዣት መጣሁ። ስትገባ አየሻትና «እማ» አልሻት። እናታችሁ መስላሽ ነው። ሄደሽ ጭኗ ላይ ተኛሽ፤ እሷም አላረመችሽም፣ ጠጉርሽን ትደባብስልሽ ጀመር።

ይሁኔ እህሉን ሸጦ ሲመለስ እንዲያ እንዳላችሁ ደረሰ። በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። የግንባሩ ሥር ሲገተር አየሁት። አክስቴ ቀና ብላ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ሂጂ ካልከኝ እሄዳለሁ። ራሷን ግን ከጭኔ ላይ አንተው አንሣው» አለችው።

አላነሣውም። ወጥቶ ሄደ። እሷ አድራ በማግስቱ ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላ አልተገናኛችሁም። ለቀብርሽ ስትመጣ እንደ ሩቅ እንግዳ ከዳር ተቀመጠች።

ባለፈው ዓመት ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄጄ ነበር። አንድ ሐኪም ስለ መርሳት በሽታ አስተማረን። አንጀታችን ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፣ አብዛኞቹም ጠላት አይደሉም፤ ምግቡን ያብላላሉ፣ በነርቭና በደም በኩልም ከአንጎል ጋር ይላላካሉ አለ። የመርሳት በሽታ በያዛቸው ሰዎች ሆድ ውስጥ የእነዚህ ባክቴሪያዎች ዓይነት ከጤነኛው ሰው ተለይቶ ታይቷል፤ አንዳንዶቹንም መርሳት ሳይጀምራቸው ብዙ ዓመት ቀድሞ ድርቀት ያሠቃያቸዋል አለን። እጄን አውጥቼ፣ ታዲያ አንጎልን የሚያሳምመው ሆድ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሆድ ይቅደም አንጎል ገና አልተለየም፣ እየተጠና ነው፤ ቆርጦ የሚነግርሽ ሰው ካለ አትመኚው አለኝ።

እማዬ፣ ሌላው ሰው ሲጽፍ እኔ እጄ ቆመ። ተልባሽ ነው የታየኝ። ምስጢር የጠበቀ ሰው በሆዱ ይዞታል እንላለን፤ ያዘነው ሆዱ ይባባል፣ የጨከነው ሆዱ ይቆርጣል። በንግግራችን ሆድና አሳብን መቼ ለይተን አወቅን? እኔ ግን ነርስ ሆኜ ሆድሽን ለብቻው፣ መርሳትሽን ለብቻው አድርጌ ነበር የማየው።

ስመለስ በሞጣ በኩል መጥቼ ይሁኔ ዘንድ አደርኩ። ነገሩን ስነግረው ፊቱ በራ። ከሆድ ነው የገባው አላልኩም ነበር ወይ አለ። ደነገጥኩ፤ ለዕርቅ ያመጣሁትን ለጠቡ ማስረጃ አደረገው። እንደገና ጀመርኩ። ይህ በዓመታት የሚመጣ ነገር ነው፣ በአንድ ሰርግ ምሳ አይሆንም፤ ተልባውን ስትጠጣ አንተ ሑመራ ነበርክ አልኩት። «ውስጧ የነበረው የራሷ ነው?» አለኝ።

«የራሷ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አብሯት የኖረ።»

«እንግዲያ እኔ ማንን ልቆጣ?»

ለካ ይሁኔ እናቱን የወሰደበት ነገር ሰው እንዲሆንለት ሲፈልግ ኖሯል። ሰውን ይጣሉታል፣ ደጅ ይከለክሉታል። መነሻው እንኳ በቅጡ ያልታወቀን በሽታ ምን ያደርጉታል?

ወዲያው አልሄደም። ከጥምቀት በኋላ ለእህል ጉዳይ ቢቸና መጥቶ እኔ ቤት ሳይደርስ አክስቴ ጋ ገባ። የነገረችኝ እሷ ናት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ መንገዱ መጥፎነት ሲያወራ ቆይቶ፣ ልሂድ ብሎ ከተነሣ በኋላ ከበሩ ተመልሶ ጉልበቷን ሳመ። ስለ ሰርጉ አላነሣም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ሁሉ ነገር ሽሯል አልልሽም። አክስቴ በቀብርሽ ቀን የተቀመጠችበትን ቦታ እስካሁን ታነሣዋለች። ነገር ግን ለፋሲካ ሞጣ ሄዳ፣ መቃብርሽ ላይ ጎን ለጎን ቆመው አይቻቸዋለሁ።

አሁን ፍርሃቱ ወደ እኔ ዞሯል። ሆዴ ሲነፋ እፈራለሁ፤ ቁልፌን ያኖርኩበት ሲጠፋኝም እፈራለሁ። ሰው ለሞተበት ሲጽፍ መቼም አልረሳሽም ይላል። ከአንቺ በኋላ እኔ እንዲህ ብዬ ልምል አልደፍርም። ልቤ አብሮኝ እስካለ ግን በየዕለቱ አስብሻለሁ፤ ለማኅሌትም ሳልታክት እነግራታለሁ። አንድ ቀን ስሞች ሁሉ ከአፌ የሚጠፉ ከሆነ፣ መጨረሻ የሚጠፋው ያንቺ ይሁን።

ልጅሽ አለምነሽ
ከቢቸና