ጣሪያ ያልወጣለት የሙላው ቤት

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለደመቀች፣

አሰላሙ አለይኩም። እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ራስ ምታት ለቀቀሽ ወይ? ሾፌሮቹ የአሰብን ሙቀት ሲያወሩ በሰማሁ ቁጥር፣ አንቺ ምግብ ቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከምድጃ ፊት መቆምሽ እየታየኝ እጨነቃለሁ። የወንድማችንን የሙላውን መርዶ ሲያረዱሽስ ማን አጠገብሽ ነበር? የምግብ ቤቱ ሴቶች አብረውሽ ሰነበቱ ወይ? ብቻሽን አልቅሰሽ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። እኛ በአላህ ፈቃድ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልጽፍልሽም፤ ብጽፍም አታምኚኝም።

በሾፌሩ በአራጌ እጅ የላክሽው ሦስት መቶ ብር ደርሶናል። መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ቤት ድረስ መጥቶ ነው የሰጠን፤ አላህ ይስጠው። «ለሌላ ነገር እንዳታውሉት፣ የወንድሜን ቤት ጨርሱለት» ማለትሽንም ነገረን። አባ ብሩን ሳይቆጥር ግንባሩ ላይ አስነክቶ ለእኔ ሰጠኝ። ይህን ደብዳቤ ልጽፍ የተቀመጥኩት ቤቱ ለምን እንደማያልቅ እንድታውቂው ብዬ ነው።

ቤቱ የተጀመረው አንቺ ከሄድሽ በኋላ ስለሆነ አላየሽውም። በእኛ መሬት እንጨት እንደማይበረክት ታውቂያለሽ። ሙላው ራቢዓን ሊያገባ ሲያስብ «እኔስ ምስጥ ስቀልብ አልኖርም» አለ። የእርዳታ እህል ይቀመጥበት የነበረው መጋዘን ፈርሶ ብረቱ ሲሸጥ፣ ጎብዬ ገበያ ጆንያ ተሸክሞ ባጠራቀመው ገንዘብ ገዛው። ቀጫጭን ብረት ነው፤ አንዱን እኔ ብቻዬን አነሳዋለሁ። ከእንጨት ረክሶ አገኘሁት ብሎ ያን ሰሞን መሬት አልበቃችውም። በብሎን እያያዝን ሁለታችን አቆምነው። ደቦም አልተጠራ፤ ሰዉ ብረት ሲቆም ምን ብሎ እንደሚያግዝ አላወቀም። ጎረቤታችን ይርጋ በአጥሩ ላይ እየተንጠራራ «ሙላው፣ ይሄ ቤትህ ከረመዳን አልወጣም እንዴ? አጥንቱ ብቻ ቀረ እኮ» ይለው ነበር። ሙላውም «ቆይ፣ ኢዱን ታያለህ» ይለዋል።

ለካስ ውዱ ብረቱ አይደለም፤ ብረቱ አስከትሎ የሚጠራው ነው። የጭቃ ቤት ቢሆን ጎረቤት ተሰብስቦ ጭቃውን ያቦካል፣ ማገሩን ያስራል፣ ምሳ አብልቶ መሸኘት ነው። ብረት ግን ሁሉን በገንዘብ ይላል። በክረምት ዋልካው አፈር ሲርስ እግሮቹ ሰመጡና በአንድ ወገን ዘመመ። በሲሚንቶ ካልተተከለ አይቆምም ተባለ። ሲሚንቶ ደግሞ በፈቃድ ነው፤ ፈቃዱም ለግለሰብ አይሰጥም። ከነጋዴ እጅ ኩንታሉ አርባ ብር ገብቷል። ቆርቆሮው አንዱ ዐሥራ ስምንት ብር ነው፤ አርባ ያስፈልገናል። የጎደለውን ብሎን ከደሴ ማስመጣት አለ፣ ዝገቱን የሚይዝ ቀለም አለ፣ የባለሙያው ዋጋ አለ። ሁሉንም ደጋግሜ ደመርኩት። የላክሽውን ያህል ሦስት ጊዜ ብትጨምሪም አይሞላም። ይሄንኑ ለማጠራቀም ዓመት እንደፈጀብሽ አውቃለሁ።

ሙላው «ስመለስ ጣሪያውን እመታዋለሁ» ብሎ ነው ለውትድርና የሄደው። ከዚያ መርዶው መጣ። ለለቅሶ የሚቀመጡበት ዳስ ሲያስፈልግ፣ የመንደሩ ሰዎች እንጨት ቆርጠን ከምንተክል ብለው ብረቱ ላይ ሸራ ጣሉበት። በጎ አስበው ነው። እኛም አልከለከልንም፤ በዚያ ቀን ማን ልብ ነበረው? ሕዝቡ እዚያ ሥር ተቀመጠ። ራቢዓም ከእናቷ ጋር መጥታ፣ ሙላው «ጓዳሽ በዚህ በኩል ነው» ብሎ አሳይቷት ከነበረው ቦታ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ስለነበር ስታለቅስ አላየናትም። እማ ዓይኗን ከእሷ ላይ አላነሳችም።

አዲስ ቤት በዱዓ እንደሚገባ ታውቂያለሽ። ይኼኛው በለቅሶ ተገባበት። ሸራው የተነሳ ዕለት እማ «ልጄን ያለቀስኩበት ውስጥ እሳት አላነድም። ወርቅ ብታለብሱትም አልገባበትም» አለች። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል አታልፍም፤ ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ እንኳ በጓሮ ዞራ ነው።

የምንኖርበት ቤት ደግሞ ሊወድቅ ነው። ምሰሶውን ምስጥ ከውስጥ ጨርሶታል። ይርጋ በጡጫ ቢመታው እንደ ቅል ጮኸ። ደገፍ አድርገንለታል እንጂ ክረምቱን አይችልም። ሮቢት ያለው ነጋዴ ዘይኑዲን ብረቱን ለሱቅ ፈልጎት አራት መቶ ብር እሰጣለሁ ብሏል። እሱን ካንቺ ብር ጋር ብናደርገው የአሮጌው ቤት ምሰሶና ጣሪያ ይታደስ ነበር። ይሄንኑ ለአባ ነገርኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መቃብሩን አሳዩኝና ብረቱን ውሰዱት» አለኝ።

ሙላው የት እንደተቀበረ የሚነግረን የለም። አባ ጎህ ሲቀድ ከሱብሒ ሰላት በኋላ እዚያ ሄዶ አንዱን ብረት ይዞ ይቆማል። እኔም ደግሜ አላነሳሁበትም።

እንግዲህ እታለም፣ ከባድ ነገር ልለምንሽ ነው። «ብረቱ ይሸጥ፤ እኔ ነኝ ያልኩት» ብለሽ በራስሽ ስም ጻፊ። የምትጽፊውን የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ አባ የሚሰማው ደግሞ አንቺን ነው። እንደሚቀየምሽ አውቃለሁ። አንቺ ግን ሩቅ ነሽ። እኔ ከእሱ ጋር ከአንድ ገበታ ነው የምበላው። ብሎኑን የምፈታውም እኔው ነኝ፤ ከሙላው ሌላ እኔ ብቻ ነኝ የማውቅበት። ከርሞ ደግሞ ዐሥራ ስምንት ይሞላኛል። ለውትድርና ስም ሲጻፍ የእኔም ይወጣል። አባ እንደተቀየመኝ መሄድ አልፈልግም። ለቤቱ ብለሽም ሌላ ብር አትላኪ፤ ላንቺ ጫማ ግዢበት።

ትምህርቴን እየተማርኩ ነው።

እማ «ልጄ፣ አፈር አይንካሽ» ትልሻለች። ይርጋና ባለቤቱ የሻረግ ሰላም ብለውሻል፤ የለቅሶውን ሰው ያበላችው የሻረግ ነች። ራቢዓ በሰው ሰላምታ ልካልሻለች፤ እኛ ቤት መምጣት ግን ትታለች። አብራሽ ላለችው ለራህመትና ያረዱሽ ቀን ላልተለዩሽ ሁሉ አላህ ውለታቸውን ይክፈል በይልኝ።

አባ ይሄው አጠገቤ ተቀምጧል። ብሩ መድረሱን ጽፈሃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ጽፌያለሁ አልኩት። ክረምት ሳይገባ የሙላውን ቤት ጣሪያ እንደምንመታውስ ሲለኝ፣ እሱንም ጽፌያለሁ አልኩት።

ወንድምሽ ከማሉዲን

ቆቦ፣ ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፹ ዓ.ም.