አባታችን «ሶማያ ነው» አሉ

ይድረስ ለእትዬ የብርጓል አበረ፣ አዲስ አበባ።

እትዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ክረምቱን እንዴት ወጣሽው? ጉልበትሽን የሚነዘንዝሽ ብርድስ ተወሽ ወይስ አሁንም አብሮሽ ነው? ባለቤትሽ መሪጌታ ወልደ ሚካኤል ደህና ናቸው? ሕፃኑ ጥርስ አወጣ? ትልቋስ ፊደል ቆጠረች ወይስ እንደ እኔ ከመምህሯ ትሸሻለች? የጎረቤቶችሽን ጤና ሳይቀር እጠይቃለሁ፤ ሰው በሰው አገር የሚኖረው በጎረቤት ነውና። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካሌ ደህና ነኝ። ልቤ ግን አልቀመጥ ብሎኛል። ይህችን ጥቂት መስመር ጽፌ ተነሥቼ ደጁን አየሁ፤ ማንም የለም፤ ተመልሼ ተቀመጥሁ። ጽሕፈቴ ቢንጋደድባቸው መሪጌታ በብዕሩ አይፍረዱ።

ይህን ደብዳቤ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችልሽ እናታችን ናት። ጎረቤታችን ጨው ነጋዴው በሽር፣ የሙነወር ልጅ፣ በደጀን በሚወርደው የጭነት መኪና አሳፍሮ እስከ ደጅሽ እንደሚያደርሳት ምሎልኛል፤ በሽር ደግሞ በከንቱ አይምልም። አባታችን ለምን አብረዋት እንዳልመጡ እሷን አትጠይቂያት። መንገድ ባደከመው ሰው ላይ ጥያቄ አይጨመርም፤ መጀመሪያ በልታ ትተኛ። መሪጌታም ይህን ሲያነቡልሽ ድምፃቸውን ዝቅ ያድርጉ፤ የማኅሌቱን ድምፅ ለማኅሌት ያቆዩት። ነገሩን ከሥሩ እነግርሻለሁ።

ጣሊያኖቹ ለሹማምንታቸው መጫወቻ ቤት መሥራታቸውንና እኔም እዚያ መግባቴን ባለፈው ዓመት ጽፌልሽ ነበር። በቤቱ መሀል አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ፣ ከአልጋ የሚበልጥ ጠረጴዛ አለ። በላዩ ኳስ እያጋጩ ወደ ጉድጓድ ይከታሉ፤ ቢሊያርዶ ይሉታል። ኳሱን የሚገፉበትን ረጅም እንጨት ደግሞ ስቴካ ይሉታል። የእኔ ሥራ ኳሶቹን በሦስት ማዕዘን ማገጃ ሰብስቦ መደርደር፣ ጨርቁን መቦረሽ፣ የስቴካውን ጫፍ ጠመኔ መቀባት ነው። እናቴ ለዚህ ወለደችኝ ብዬ አላስብም፤ ግን የራበው ሰው ሥራ አይመርጥም።

የዘንድሮው ክረምት ጉድ ሠራቸው። የቤቱ ግድግዳ ላብ ያወጣ ጀመር፤ ግድግዳውን ተደግፈው የከረሙት ስቴካዎችም ነሐሴ ሲደርስ እንደ ማጭድ ጎበጡ። ቀጥ ተደርጎ የተመታው ኳስ ወደ ጎን ይሸሻል። ከሹማምንቱ አንዱ፣ ካፒቴን ነው፣ ክፉ አመል አለበት። ክምሩን የሚበትነውን የመጀመሪያውን ምት አህያ እንደሚደበድብ ሰው በሙሉ ትከሻው ይመታል፤ ኳሱ ከጠረጴዛው ዘሎ ይወርዳል፤ እሱም ተናዶ ስቴካውን በጉልበቱ ይቀለጥመዋል። አንድ ቀን ባልንጀሮቹ ሲሥቁበት ወደ እኔ ዞሮ፣ እንጨት የሚያቀና ሰው ሳትይዝ እንዳትመጣ አለኝ። እንግዲህ የእንጨት ነገር ከተነሣ በዚህ አገር ከአባታችን ሌላ ማን አለ?

አልዋሸኋቸውም። የፈረንጅ መጫወቻ ነው ብዬ ፊት ለፊት ነገርኋቸው። አንዱን አንሥተው በአንድ ዓይናቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩትና፣ እንጨት ምን አጠፋ፣ የያዘው ሰው ነው እንጂ ብለው ተቀበሉኝ። ጦር መያዝም የጦሩን ዘንግ፣ ሶማያውን፣ መጥረብም ከተከለከለ ወዲህ እጃቸው ሥራ ፈትቶ ነበር፤ ያን ቀን ሲያፏጩ ሰማኋቸው። የጎበጡትን በፍም አሙቀው፣ ቅቤ አጠጥተው፣ በባላ መሀል እየተጫኑ መለሷቸው። የተሰበሩትን በሙጫ አጋጥመው፣ የተሰበረ ሶማያ እንደሚታሰረው በእርጥብ ጅማት ጠመጠሙባቸው። ከዚያ ሁሉንም ድንጋይ አንጠልጥለውባቸው ከምድጃው በላይ ከጭሱ ሰቀሉ። ካፒቴኑ በሳምንት ይድረስልኝ ብሎ ነበር፤ አባታችን ግን፣ እንጨት እንደ ወታደር በትእዛዝ ቀጥ አይልም፣ ጭሱን ይጠግብ አሉ። እኔም እሳት እንዳይነካው ኳሱን የሚመታውን የጫፉን አጥንትና ቆዳ ፈትቼ ከመጫወቻው ቤት አስቀመጥሁ። በዚህ መሀል ካፒቴኑ ወደ ደጀን ተዛወረና የሚጠይቀኝ ጠፋ።

ኅዳር ላይ በሮብ ገበያ መንገድ ተኩስ ተሰማ ተባለና ከተማው ቤት ለቤት ተፈተሸ። ከሶማያ ሠሪ ማድ ቤት ቅቤ የጠጣ፣ ጭስ ያጠቆረው፣ በጅማት የተጠመጠመ ዘንግ ሲገኝ ማን ይጠራጠራል? ለውርወራ የሚሆን አጭር ጦር ሊሰካበት ነው አሉ። አባታችንን ከነእንጨታቸው ወደ ገበያው ወሰዱና ሕዝብ እየሰማ በአስተርጓሚ ጠየቋቸው። የካፒቴኑ መጫወቻ ነው ቢሉ በዚያው ያበቃ ነበር። አባታችን ግን ዙሪያቸውን አዩ። የማኅበር ወንድሞቻቸው ቆመዋል፤ ሶማያ የሠሩላቸው ሰዎች ልጆች ቆመዋል። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ሶማያ ነው፣ የጦር ሶማያ፣ እኔ በዕድሜዬ ሌላ ሠርቼ አላውቅም አሉ።

በመሣሪያ የተያዘ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አንቺም ሰምተሻል፤ ከገበያው ዳር ያለችው ግራር ባዶዋን የሰነበተችበት ጊዜ ጥቂት ነው። እስር ቤቱ አጥር ድረስ ሄጄ አባታችንን መጫወቻ ነው ይበሉ ብዬ ለመንኋቸው። እሳቸው ግን፣ አንተ ዝም በል፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ የፈረንጅ አጫዋች ተብዬ ከምኖር ሶማያ ሠሪ ሆኜ ልሙት አሉኝ። እትዬ፣ እኔ አባቴ እንዲኖሩልኝ እንጂ እንዲኮሩልኝ አልፈለግሁም። ፍርዱን ለአንቺ ትቻለሁ፤ አንቺም ብትሆኚ ሌላ የምታደርጊ አይመስለኝም።

የጣሊያኖቹን አዛዥ ከመጫወቻው ቤት አገኘሁት። በአስተርጓሚው በኩል፣ አባትህ ጦር ነው ይላል፣ አንተ መጫወቻ ነው ትላለህ፣ ከሁለታችሁ ውሸታሙ ማን ነው አለኝ። አባቴ አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል አልሁት። ያም ውሸት ነው፤ የአባታችንን ዓይን አንቺም ታውቂዋለሽ። እንግዲያው ተጫወትበት አለና ከተያዙት አንዱን፣ ያውም ተሰብሮ የተጋጠመውን፣ አስመጥቶ ሰጠኝ። ያስቀመጥሁትን አጥንትና ቆዳ ለጠፍሁበት። ቅቤው እጄን ቢያዳልጠኝ ከምድጃው አመድ ዘግኜ አሸሁት። ኳሶቹን እንደ ወትሮው ደረደርሁ።

ያ ካፒቴን ደስ ባለው ቀን ያስተማረኝ ነገር ነበር፤ እሱ ራሱ የማያደርገው። ይህ ምት የጉልበት አይደለም ይለኝ ነበር፤ እንጨቱን ጫጩት እንደ ያዝህ ያዘው፣ አታንቀው፤ ትከሻህ ይረፍ፣ ክንድህ ብቻ ይሂድ፤ ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ሳብ፣ የነጩን ኳስ መሀል እይ፣ መትተህ እስኪያበቃም ቀና አትበል። ይህን ሁሉ አሰብሁ። ወዲያው ደግሞ ሁሉም ጠፋብኝ፤ የታየችኝ ያች ግራር ብቻ ነበረች። ሳብሁና መታሁ። እንጨቱ በእጄ ውስጥ አልተንቀጠቀጠም፣ ወደ ጎንም አላለም። ነጩ ኳስ ክምሩን ከአናቱ ሲያገኘው ኳሶቹ በሰፌድ ላይ እንደ ፈሰሰ ባቄላ ተበተኑ፤ ሁለቱ ጉድጓድ ገቡ። ሹማምንቱ አጨበጨቡ። አዛዡ ተቀብሎኝ ራሱ መታበት፣ ደግሞ መታበት፣ እንዲህ የቀና ስቴካ በአገሬም አላየሁ አለና ሽማግሌውን ፍቱት አለ። እኔም ወድቄ መሬት ሳምሁ። በማን ፊት እንደ ወደቅሁ ያሰብሁት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ይህን ሁሉ አልጽፍልሽም ነበር። አዛዡ ውለታ የዋለ መስሎት ቅዳሜ በገበያ አስለፈፈ። አባታችንን ከእስር ቤት አምጥተው በመሀል አቆሟቸው፣ እኔንም ከጎናቸው። ለፋፊው፣ አበረ ወንጀል የለበትም፣ ከቤቱ የተገኘው እንጨት የሹማምንቱ መጫወቻ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ የመጫወቻው እንጨት አቅኚ እሱ ነው፣ ማንም እንዳይነካው አለ። ከኋላ አንድ ሰው ሣቀ፤ ማን እንደሆነ ዞሬ አላየሁም። አባታችን አንገታቸውን አልደፉም። ወደ እኔ ዞረው፣ ከእስር አወጣኸኝ፣ የት እንደምገባ ግን አላሰብህም አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል አልተናገሩኝም። ማዕድ ላይ እንኳ ጨው ሲፈልጉ በእናታችን በኩል ነበር የሚጠይቁኝ።

የታኅሣሥ ሚካኤል ዕለት ወደ ማኅበራቸው ሄዱ። የማኅበር ወንድሞቻቸው ቢሰድቧቸው ይሻል ነበር። ሲገቡ ሁሉም ብድግ አሉላቸው፤ መጠጡን በሁለት እጅ ሰጧቸው፤ ግን ስለ ተኩስ፣ ስለ ዱር፣ ስለ ሸፈተ ዘመድ የሚያወራ ጠፋ። ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረዋቸው የጠጡ ሰዎች እንደ እንግዳ አከበሯቸው። ቤት ሲመለሱ በትራቸውን ከጥግ አቁመው፣ እናታችንን፣ አንቺ ታየች፣ ዛሬ ስለ ውርጭ ብቻ አወሩኝ አሏት። እኔ ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ልሳለም ብለው ወጡ። መጥረቢያቸውን፣ መሮአቸውንና የሚፍቁበትን የጠርሙስ ስባሪ በአቁማዳ ይዘው የሚሳለም ሰው የት አለ? እናታችን አይታ ሸኝታቸዋለች። ከሮብ ገበያ ወዲያ፣ ጮቄ ሥር፣ ዱር የገቡት ሰዎች ወዳሉበት ነው የሄዱት። ለእኔም ቃል ትተውልኝ ነበርና እኩለ ቀን ላይ ነገረችኝ፤ ለደምለው፣ ሶማያ ነው ብዬ ነበር፣ እውነት ላደርገው ሄድሁ በይው ብለዋል። ተናደድሁ። ደግሞ ኮራሁ። ደግሞ በዚህ ውርጭ ያ ወገባቸው ትዝ ብሎኝ ፈራሁ። ያን ቀን ከቤት ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ቤት ስመላለስ ዋልሁ፤ ዛሬም አልተውሁም።

ትናንት አዛዡ ከደጀን የመጣ ሌላ እስር ስቴካ ላከ፣ ሁሉም የጎበጠ። አስተርጓሚው አባትህ የት ናቸው አለኝ። ታመው ተኝተዋል አልሁት። እንግዲያው ነገ ሐኪም ይዘን እንመጣለን አለ። አየሽ እንግዲህ፣ ሐኪሙ ባዶ መደብ ሲያይ እናታችን እዚህ መገኘት የለባትም። እኔም እነሱ ከመድረሳቸው በፊት መንገድ እገባለሁ። ስቴካዎቹንም ለአባታችን እወስድላቸዋለሁ፤ ጎበጡ እንጂ ደህና እንጨት ናቸው፣ ምን እንደሚሰካባቸው እሳቸው ያውቃሉ። እንጨት ሲቀና አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይጫናል፤ የሚይዝላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ያ ሰው እኔ እንድሆን ይፍቀዱልኝ አይፍቀዱልኝ አላውቅም። እንቅልፍ የነሣኝ የጣሊያን ነገር እንዳይመስልሽ፣ ይህ ነው።

ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ከእሳት ይግባ። መሪጌታን እጅ ነሥቻለሁ፤ በጸሎታቸው የአባታችንን ስም ያንሡልኝ። ትልቋን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ከፊደል አትሽሺ ብሏል አጎትሽ በያት። ሕፃኑን ገና አላየሁትም፤ መዳፉን ከፍተሽ በእኔ ስም ሳሚው። በብርድሽ ጊዜ እሳት የምትጭርልሽን ጎረቤትሽን፣ ስሟን ባላውቅም፣ አመስግኛለሁ በያት። ለእናታችን ለታየች ግን ሰላምታ አልጻፍሁም። በሚመጣው ሳምንት በሽር እኔንም ጭኖ የሚያመጣኝ ይመስላታል፤ እንዲያ ባልላት መኪናው ላይ አትወጣልኝም ነበር። አንቺ ንገሪያት።

ወንድምሽ ደምለው አበረ
ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ ፳፩ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.