የወንድምጋሼ ታካሚዎች ለምን ይተኛሉ

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ዛሬም አንዱ ተኛለት። ሰውዬው ጥርሱን ሊያስሞላ ገብቶ፣ ማንኮራፋቱ ግድግዳውን አልፎ እኔ ክፍል ድረስ ተሰማ። ወንድምጋሼ ወጥቶ ተራ ለሚጠብቁት፣ "እጅ ሲለሰልስ እንደዚህ ነው" አላቸው። ሰማሁ። እንድሰማ ነው ያለውም።

የኔ ታካሚዎች ተኝተው አያውቁም። የወንበሩን ክንድ ጨብጠው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው... ወንድምጋሼ "የግንበኛ እጅ" ይለኛል። ሁለታችንም የጥርስ ሐኪም ሆነንም ታላቅነቱን አልተወም። ቀናሁ? ትንሽ። እሺ፣ ከትንሽም በላይ።

ክፍሎቻችን ጎን ለጎን ናቸው። የሱ ኤሲ አለው። ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ብሎ መስኮቱን ዙሪያውን በሲሊኮን አሽጎታል። የኔ ያለው መስኮት ብቻ ነው፣ እሱም ወደ ጋራዥ የሚከፈት። ሙቀት፣ መዶሻ፣ ክላክስ። እዚህ ማን ይተኛል?

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ሲስተር ስትስል ዋለች። ከወንድምጋሼ ጋር የምትሠራው ነርሳችን ናት፣ ክሊኒኩን ከከፈትን ጀምሮ ያለች። ሻይ ይዤላት ሄድኩ። እሁድ እሁድ ሳሉ ይተዋታል። ሰኞ ከሰዓት ላይ ይመለሳል፣ ራስ ምታት አስከትሎ። ለወንድምጋሼ ስትነግረው ማር በሎሚ ጠጪ አላት።

ከዚያ ቀስ ብላ የሥራ ልምድ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። ሌላ ቦታ ልታመለክት ነው። "እናንተን ጠልቼ አይደለም ዶክተር፣ ደረቴ ነው" አለችኝ። እሷ ከሄደች እኔና ወንድሜን ማን ያስታርቀናል?

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

እራት ላይ የሲስተርን ሳልም፣ የሚተኙትን ታካሚዎችም ለባለቤቴ ነገርኩት። አስተማሪ ነው። ሳቀ። ከሰዓት በኋላ ተማሪው ሁሉ እያንቀላፋ ሲያስቸግረው ጥፋቱ የራሱ ይመስለው ነበር። ትምህርት ቤቱ የአየር መለኪያ ሲያመጣ ክፍሉ ታፍኖ ተገኘ። ግማሹ እንቅልፍ የመስኮቱ ነው፣ ግማሹ የኔ ነው አለኝ። መለኪያዋን ተውሶ ሊያመጣልኝ ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

መዳፍ የምታህል ዕቃ ናት። ሰው የተነፈሰው አየር ሲጠራቀም ታውቃለች። ንጹሕ ከሆነ አረንጓዴ፣ ከታፈነ ቀይ። እኔ ክፍል... አረንጓዴ። ወንድምጋሼ ክፍል... ጠዋቱ ሳይጋመስ ቀይ።

አሳየሁት። ኤሲው ያቀዘቅዛል እንጂ ከውጭ አየር አያስገባም፣ ያንኑ የተነፈሳችሁትን፣ የጥርሱን ብናኝ፣ የመድኃኒቱን ሽታ መልሶ መላልሶ ያዞርላችኋል አልኩት። ሲስተርንም የሚያስላት ይሄ ነው አልኩ። የትምህርት ቤት ዕቃ ስለ ጠመኔ እንጂ ስለ ጥርስ አያውቅም አለኝ።

ሰዎቹ የሚተኙትም በዚሁ ነው ልለው... አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። የሰው ኩራት ያለ ማደንዘዣ አይነቀልም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ሲስተርን እስከ ወሩ መጨረሻ ታገሺኝ አልኳት። እሺ አለች። አሁን ምን እንደማደርግ ጠፋኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

የዛሬውስ ጉድ ነው። ወንድምጋሼ ምሳ ላይ አጥንት ነክሶ የመንጋጋ ጥርሱ ተሰነጠቀ። የራሱን ጥርስ ራሱ አይሠራ። ጉንጩን ይዞ ኮሪደሩን ሲመላለስ ቆየና በመጨረሻ "በቀስታ" አለኝ። እኔ ክፍል ግን ሞቶ አይገባም፣ ይሞቃላ። በራሱ ወንበር፣ በራሱ ኤሲ ሥር ተጋደመ።

ክፍሉ ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሲፈራረቅበት የዋለ ነው። ማደንዘዣ ወጋሁት፣ የወንበሩን ክንድ ጨበጠ። መሰርሰር ጀመርኩ። ብዙም ሳልቆይ እጁ ላላ። ከዚያ... ማንኮራፋት። የኔ ወንድም፣ በግንበኛ እጅ ሥር።

እኔና ሲስተር ከማስካችን በላይ ተያየን። ሳቋ ሳል ሆኖ ወጣባት። ሞልቼ ጨርሼም አልቀሰቀስኩትም። መለኪያዋን ደረቱ ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁ።

ሲነቃ መጀመሪያ ቀዩን መብራት አየ። ቀጥሎ እኔን።

"ተኛሁ እንዴ?"

"ተኛህ።"

"በአንቺ እጅ?"

"በኔ እጅ።"

ግማሽ ፊቱ ደንዝዟል፣ ግማሹ ግን ሁሉም እንደገባው ያሳብቅበታል። ልስቅበት ነበር ያሰብኩት... አልሳቅኩም። ያን ያህል ዓመት በእጁ ሲኮራ ኖሮ። አሳዘነኝ።

አርብ፣ መጋቢት 19

አኩርፏል። ምሳም አብሮን አልበላም። አጥንት ፈርቶ ይሆናል።

ሰኞ፣ መጋቢት 22

ጠዋት ስደርስ ወንድምጋሼ ክፍል ውስጥ ሠራተኞች አሉ። እሱው ነው የጠራቸው፣ ለኔ ትንፍሽ ሳይል። ሲሊኮኑ ተፋቀ፣ መስኮቱ ተከፈተ፣ ከላይ አየር የሚያስወጣ ፋን ገባ። ስንሰረስር የሚረጨውን ብናኝ እዚያው አፍ ሥር የሚመጥ ትልቅ መምጠጫም አዟል።

የኤሲውን ማጣሪያ ሲያወርዱት አቧራው ብርድ ልብስ አክሏል። ወንድምጋሼ ተቀብሎ ብዙ አየው። ከዚያ ለሲስተር፣ "ይሄን እያስተነፈስኩሽ ነው ማር ጠጪ ያልኩሽ" አላት። ይቅርታ ማለቱ ነው። ገብቷታል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 25

ማንም አልተኛለትም። ይልቅ ያወራሉ። አንዷ የቆየች ደንበኛው ፊቱን በደንብ ያየችው ገና ዛሬ መሆኑን ነገረችው። ሌላው ሬዲዮ ይከፈትልኝ አለ። ወንድምጋሼ ዝሎ ወጣና ሰው ሁሉ እንዲህ ያወራል እንዴ ብሎ ጠየቀኝ።

አንድ ልብስ ሰፊ ግን ገና መሰርሰር ሲጀምር እጁን ያዘውና፣ "ዶክተር፣ ያማል እኮ" አለው። የነገረችኝ ሲስተር ናት። ወንድምጋሼ መሰርሰሪያውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ አለች። የሚያንቀላፋ ሰው እስከ ዛሬ መቼ ነግሮት ያውቃል?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 30

ሲስተር ሳትስል ሳምንት ሊሞላት ነው። የሥራ ልምዱን ልጻፍልሽ ወይ ብላት፣ እስቲ ይቆይ አለችኝ። ይቆይ።

ከሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ወንድምጋሼ። ሲያንኳኳ የመጀመሪያው ነው። ገብቶ ላቡን እየጠረገ ጋራዡን ተመለከተ፣ ወንበሬን ነካካ፣ ስለ ሙቀቱ አወራ። ከዚያ ወደ መስኮቱ እንደዞረ፣ "አንቺ እንዳመማቸው በምን ታውቂያለሽ?" አለኝ።

ዓይናቸውን አያለሁ አልኩት። ጥርሱን ብቻ ሳይሆን ዓይናቸውን፣ ጣቶቻቸውን። ሲጨብጡ አቆማለሁ። ቀጣዩን ቆመህ እይ አልኩት። ቆመ። አንዲት አሮጊት ገቡ፣ ከኋላዬ ሸሚዙ በላብ የራሰ ትልቅ ሰውዬ ሲያዩ ደነገጡ። ማን ነው ልጄ አሉኝ።

"ወንድሜ ነው እማማ፣ እየተማረ ነው" አልኳቸው።

አላስተባበለም።