አስረስ አይባልም

ጥቅምት 4 ቀን 2018
እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ አለ። የባሌን የጆኒን ሸበጥ አድርጌ ወጣሁ። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ትንሽ ቃሪያ። መውለጃዬ ደርሶ ከለቡ ወደ እማዬ ቤት፣ ሀና ማርያም፣ ከመጣሁ ሳምንት ሆነኝ። ባሌ ከሥራ ሲወጣ እየመጣ ያየኛል።

ታክሲ ተራው ጋ አንድ ረዳት "መካኒሳ አቦ! አቦ የሞላ!" ሲል ቆምኩ። ልክ እንደ ሲራክ... ታናሽ ወንድሜ ሳይዘምት በፊት እንዲህ ነበር የሚጮኸው። ሰሜን ከቀረ ሦስት ዓመት።

ቤት ገብቼ ይህንኑ ነገርኳቸው። እማዬ አባዬን አየችው። አባዬ ተነሥቶ ወጣ።

ከመርዶው ወዲህ ስሙ እዚህ ቤት አይጠራም። ፎቶው ሳጥን ውስጥ። ጥይቱ የገደለው አንሶ፣ እኛ ደግሞ?

ጥቅምት 11
ወንድ! ደህና ነኝ። አፍንጫው የጆኒ ነው፣ ምን ይደረጋል።

ጥቅምት 19
አባዬ ሕፃኑን አቅፎ ብዙ ቆየ። ከዚያ "አስረስ እንበለው" አለ። እማዬ እሰይ አለች። ጆኒ ጣራውን ያያል።

አስረስ። እንዲያስረሳን... ምኑን? ሲራክን? ጡት በቅጡ መያዝ ያልቻለ ልጅ ይህን ሥራ ይሠራ?

አይሆንም አልኩ። አባዬ እንዳልሰማ ሆነ።

ጥቅምት 21
ሳጥኑን ከፍቼ ፎቶውን አወጣሁ። ታክሲው በር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጥርሱ ሁሉ ወጥቶ። ሳሎን ሰቀልኩት። አባዬ መጣና አወረደው።

ጥቅምት 22
መልሼ ሰቀልኩት።

ጥቅምት 23
አወረደው። ሰቀልኩት።

እማዬ መኝታ ቤት ጠርታ፣ አባትሽን ልትገድይብኝ ነው ወይ አለችኝ። እሱ ብቻ ነው ያዘነው? እኔ ከብረት ነኝ?

ሲራክ ውሻ ይፈራ ነበር። ለአንድ ውሻ ብሎ ሰፈሩን ዞሮ የሚገባ ልጅ! መጨረሻ የደወለ ቀን ምን አለኝ? "ውዴ፣ እዚህ አንዲት ውሻ ለምዳኛለች። ብስኩቴን እንካፈላለን። ብታዪኝ አታምኝም።"

ይህን ልርሳ? ማን ስለፈለገ?

ኅዳር 2
ጠያቂ ሁሉ "አስረስ እንዴት አደረ?" እያለ ይገባል። ለካ አባዬ ለሰፈሩ ነግሮ ጨርሷል። ዛሬ ግን በቃኝ። ምሳ ላይ ፊት ለፊት ተናገርኩት። ጆኒ ክርኔን ያዘኝ፣ አስለቀቅኩት።

"አባዬ፣ እኔ መርሳት አልፈልግም። አንተ ከፈለግህ ስሙን ለራስህ አውጣው። ልጄን ግን ማስረሻ አታድርግብኝ።"

አባቴን እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። አላለቀስኩም ግን።

ተነሥቶ ይወጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልወጣም። የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠ።

"የወንድምሽን ስም ስጠራ በሩን አያለሁ፣ ውዳሴ። የመጣ ይመስለኛል። ለዚህ ነው።"

ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

"እኔም አያለሁ" አልኩት። "አብረን እንይ።"

ኅዳር 5
ፎቶው እንደተሰቀለ ነው። ማንም አልነካውም።

ጆኒ "ክብረት ቢባልስ?" አለ። ማንንም የማይተካ፣ የራሱ የሆነ ስም። ወደድኩት። ለአባዬ ነገርኩት፤ አልወደደውም፣ አልተቃወመምም። የልጁን እግር ብቻ በጋቢው ጫፍ ሸፈነ።

ኅዳር 20
ክርስትና። ቤቱ ጢም አለ። እማዬ ከንጋት ጀምሮ አልተቀመጠችም።

የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ሁንዴሳ ሕፃኑን አይተው መረቁ። ከዚያ የአባዬን ትከሻ ይዘው፣ "ዳኜ፣ እግዜር ካሰህ" አሉት። በክፋት አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ደሜ ፈላ። ሳህን እንደያዝኩ ልናገር አፌን ስከፍት አባዬ ቀደመኝ።

"አልካሰኝም፣ ሁንዴሳ። ሲራክ ካሳ የለውም። ይሄ የልጅ ልጄ ነው፣ ክብረት ነው ስሙ። ሲራክ ደግሞ ያውና።"

ወደ ፎቶው አመለከተ።

እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሲራክ... ከአባዬ አፍ፣ በሰው ሁሉ ፊት። ድምፁ እንኳ አልተሰበረም።

ጋሽ ሁንዴሳ ፎቶውን ቆመው አዩት። ቀስ ብለው ተቀመጡና፣ አንድ የፋሲካ ዋዜማ በግ ይዘው ሲቆሙ ታክሲው ሁሉ ትቷቸው እንዳለፈ፣ ሲራክ ብቻ አስቁሞ "ይግቡ ጋሼ፣ በጉን እኔ አቅፈዋለሁ" እንዳላቸው ማውራት ጀመሩ። መሐል ላይ ግን አባዬን አይተው ዝም አሉ።

"ቀጥል" አለ አባዬ።