ከመታጠፊያው ማዶ የቆምን ቀን

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 3

እሳት አደጋ ጣቢያው ውስጥ የማብሰል ተራው የኔ ነበር። ባቄላ በተፈጨ ሥጋ። ሾፌራችን ግሌን እየደጋገመ ሳህኑ ላይ ይጨምራል፣ እየደጋገመ "ጨው በዛበት" ይላል። ታዲያ ተወዋ!

ከሰዓት በኋላ የሕክምና እርዳታ ጥሪ መጣ። ሁለት ወንድማማቾች ተጣልተው አንዱ በጠርሙስ ተፈንክቷል። እንደ ሁልጊዜው ከቤቱ ራቅ ብለን ቆምን። መብራቱን አጠፋን፣ መኪናውን ወደ መውጫው አዞርን፣ ፖሊስ "ግቡ" እስኪል ጠበቅን። አለቃችን ዱዌን እንደ ልማዱ፣ "ሬኔ፣ የተወጋ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ማንንም አያድንም" አለኝ። ስንት ዓመት ሰማኋት ይቺን! ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። ቁሚ ካለኝ እቆማለሁ። አለቀ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 9

አርቮ ኒሚ ሞተ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳ የነበረው ሽማግሌ።

የደወለችው ሚስቱ ኤልማ ናት። ደረቱን ይዞ ኩሽና ውስጥ ወድቋል። እየበረርን ሄድን... መታጠፊያው ጋ ዱዌን፣ "አቁም ግሌን! ይሄ ሰውዬ ጁላይ ላይ ሽጉጥ ደግኖብኛል። ፖሊስ ይቅደም" አለ። ያኔውኑ ለጥሪ ማዕከሉ አሳውቆ ኖሯል፤ ቤቱ አደገኛ ተብሎ ተይዟል።

ቆምን። ተረኛው ፖሊስ አንድ ብቻ፣ እሱም የከተማው ሌላ ጫፍ።

ኤልማ በቤት ጫማ መንገድ ላይ ወጣች። አየችን። ቤቱ የጠፋን መሰላት መሰለኝ፣ የዕቃ ማድረቂያ ፎጣዋን እያውለበለበች በሯን ታሳየናለች... እዚህ ነው፣ እዚህ!

የመኪናውን በር ከፈትኩ። ዱዌን እጄን ያዘኝ።

"ተቀመጪ። ያስተማርኩሽን ረሳሽ?"

ተቀመጥኩ።

ፖሊሱ ደርሶ ስንገባ ገላው ገና ትኩስ ነበር። ክንዴ እስኪዝል ደረቱን ተጫንኩ። አልተመለሰም። ኤልማ አልጮኸችም። "አየኋችሁ እኮ" አለች።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 10

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ደንቡ ትክክል ነው። ትክክል ነው አይደል?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 12

ነዳጅ ስቀዳ ያ ተረኛ ፖሊስ፣ ፕሩዊት፣ ጠጋ አለኝ።

"የአርቮ ነገር ከንክኖኛል። ሽጉጥ አለው ያለው ማነው?"

"ዱዌን። ደግኖበታል።"

"በየትኛው እጁ? ማንኪያ እንኳ ይንቀጠቀጥበት ነበር። የአደን ጠመንጃውንም አምና ራሱ አምጥቶ አስረክቦኛል። ሽጉጥ የሚባል ነገር ኖሮትም አያውቅ።"

ተሳስቶ ይሆን? ሰው ሽጉጥ ሲደገንበት ይሳሳታል እንዴ?

ዓርብ፣ ኦክቶበር 13

ዱዌንን ከጣቢያው ጓሮ መኪና ሲያጥብ አገኘሁት።

"እኔን አትዋሸኝ። ደግኖብሃል?"

ማጠቡን አላቆመም።

"በወንድሜ ላይ ፍርድ ቤት ቆሞ የመሰከረ ሰው ነው። ሰክሮ ሲነዳ አየሁት ብሎ።"

"አላየውም?"

ጎማው ላይ ውሃ ረጨ። "አንድ ቀን ፖሊስ በሩ ላይ መጥቶበት ጎረቤት ፊት ይፈር ብዬ ነው። ይሞታል ብዬ መሰለሽ?"

"ዱዌን... እጄን ይዘህ አስቀመጥከኝ እኮ።"

"እህቴ፣ እዚሁ እኔና አንቺ ጋ ይቅር።"

እህቴ አለኝ! ሴትዮዋ ፎጣ ስታውለበልብ ሽጉጥ እንደሌለ ያውቅ ነበር። አጠገቤ ተቀምጦ... እያወቀ። እኔ የጠበቅኩት ሕይወቴን የሚያተርፍልኝን ደንብ መስሎኝ ነበር። ለካ ቂሙን ነው አብሬው የጠበቅኩለት።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 17

ለዋናው አዛዥ ነገርኩ። ዱዌን ታገደ።

ግሌን፣ "ልጆቹን አስበሻል?" አለኝ።

"የኤልማን ባል አስበሃል?"

ትቶኝ ወጣ። ሌሎቹም ስገባ ይወጣሉ። አንዱ ደግሞ "ወሬ አቀባይ" ብሎ የልብስ ሳጥኔ ላይ ጽፏል። ሳሙና አላስለቅቅ አለው።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 4

ኤልማ ቤት ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት። አላቋረጠችኝም።

"እዚያ ተቀምጠሽ ምን ታስቢ ነበር?" አለችኝ በመጨረሻ።

"ቤትዎን... ፈርቼው ነበር።"

"የኔን ቤት?"

ዞር ብላ ኩሽናዋን አየች። ምጣዱ፣ መጋረጃው፣ የአርቮ ወንበር። "ይሄን?"

ይቅር አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኳት።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 22

ወደ ሐይቁ ዳር ጣቢያ ከተዛወርኩ ሁለተኛ ሳምንቴ። አዲሷ አለቃዬ ቨርና ትባላለች። ዝምተኛ።

ዛሬ ጥሪ ነበር፤ ሴት ተወግታለች። ቨርና ሁለት መታጠፊያ ሲቀረን "እዚህ እንቆማለን" አለች።

"አደገኛ ነው ያለው ማን ነው?" አልኳት። በዕድሜዬ አለቃ እንዲህ ጠይቄ አላውቅም። ድምፄም ጥሩ አልነበረም።

አየችኝ። ትቆጣለች ስል ሬዲዮውን አነሳች። የጥሪ ማዕከሏ ሴት መለሰች፤ ጎረቤት መስመር ላይ ናት፣ ሰውየው ቢላውን እንደያዘ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ቨርና ድምፁን ከፍ አደረገችልኝ፣ ራሴ እንድሰማ።

ቆምን። መቆማችን ልክ ነበር። ፖሊስ ሰውየውን ያዘው፣ ገባን፣ ሴትየዋም ትተርፋለች።

ድሮ "ቁሚ" ስባል ወንበሩ ላይ ደገፍ ብዬ ማስቲካ አላምጥ ነበር። ዛሬ በጆሮዬ እየሰማሁ፣ ልክ መሆኑንም እያወቅኩ፣ "ግቡ" እስክንባል ድረስ እጄ ከበሩ እጀታ አልተነሳም።